የእናቴ «ትንሽ»

እናቴን ሊገድላት የመጣው ምስጋና ነው። በሽታውማ ተከትሎት ነው የገባ።

«እንደ ጀማነሽ ያለ ቻይ የት አለ!» ይሉ ነበር የካዛንቺስ ሴቶች ቧንቧ ላይ ተሰልፈው። ጀማነሽ እናቴ ናት። የፈላ ውሃ እግሯ ላይ ተደፍቶባት፣ ማንቆርቆሪያውን ቀስ አድርጋ መሬት አስቀምጣ፣ «እስቲ ጨርቅ አቀብዪኝ» ያለችኝ ሴት ናት። ታናሽ ወንድሜን ስትወልድ ደጅ የተቀመጡት ሴቶች መጀመሪያ የሰሙት የሕፃኑን ድምፅ ነው፤ የሷን ጨርሶ አልሰሙም። አባቴ ወልደአረጋይ ለገሃር፣ ምድር ባቡር ነበር የሚሠራው። ይሄን ወሬ እዚያ ወስዶ፣ «የኔ ሚስት ምጥ ላይ እንኳ ቃል አይወጣትም!» እያለ ለጓደኞቹ ደረቱን ይነፋላቸው ነበር፤ ምጡን ራሱ ያማጠ ይመስል!

ከእኛ ጋር ግድግዳ የምትጋራው ደግሞ ሳዲያ ናት። ከባሏ ከዓብዱሰላም ጋር ከወሎ መጥታ ካዛንቺስ የገባች፣ ቀጭን፣ ዓይነ ትልቅ ሴት። ሳዲያ ትጮሃለች። እሾህ ቢወጋት ትጮሃለች። ፀጉሯን ሲሠሯት ትጮሃለች። ሻይ ትኩስ ሆኖ ከቀረበላት «አፌ ተላጠ!» ብላ ብርጭቆውን ትገፋና እስኪቀዘቅዝ ታፈጥጥበታለች። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ጩኸቷ ኡራኤል ድረስ ተሰማ ብለው ዓመቱን ሙሉ ሳቁባት። «የሳዲያ በሽታ ጉሮሮዋ ላይ ነው» ይሉ ነበር፣ እሷ እየሰማች።

እኔ ገበያነሽ ያኔ የወተት ጥርሴን ገና እየነቀልኩ ነበር። እግዜር ሰውን ሲፈጥር ቆዳ የሚያለብሰው እጁ የገባውን ነው ብዬ ወስኜ ነበር። ለእናቴ የበሬ ቆዳ ደረሳት፣ ለሳዲያ የሽንኩርት ልጣጭ። በቃ። እናቴን አያማትም፣ ሳዲያን ሁሉ ነገር ያማታል። ያ የፈላ ውሃ የፈሰሰ ቀን፣ ማንቆርቆሪያው መሬት ሲቀመጥ ክዳኑ እየተንቀጠቀጠ ይንኳኳ እንደነበር ትዝ ያለኝ ካረጀሁ በኋላ ነው።

ክረምት ነበር፤ ዝናቡ ለአንድ ጠዋት ፋታ ሰጥቶ ፀሐይ ብልጭ ያለበት። እናቴና ሳዲያ ብርድ ልብስ አጥበው፣ አንዷ ባንዱ ጫፍ ሌላዋ በሌላው ይዘው እየጠመዘዙ ይጨምቃሉ። እንዲህ ሲጨምቁ ሁልጊዜ ቀድማ የምትለቅ ሳዲያ ናት። «መዳፌ!» ትልና ትለቃለች፤ እናቴ ትስቅባታለች፤ ከዚያ እንደገና ይጀምራሉ። ያን ቀን የለቀቀችው እናቴ ነች። ብርድ ልብሱ ጭቃው ላይ ዘፍ አለ።

«ምን ሆንሽ?» አለች ሳዲያ።

«ምንም። ትንሽ ቆረጠኝ።»

«ትንሽ?»

«ትንሽ አልኩሽ። ይልቅ አንሺው፣ እንደገና እናለቅልቀው።»

ሳዲያ አላነሳችውም። ጫፉን እንደያዘች እናቴን ትክ ብላ አየቻት። እኔ የተናደደች መስሎኝ ነበር፤ የለፋችበትን ብርድ ልብስ ጭቃ ውስጥ ስለጣለችባት።

ለምሳ አባቴ ሲመጣ እናቴን አልጋ ላይ ጋደም ብላ አገኛት። በቀን ተኝታ አይቷት ስለማያውቅ ኮፍያውን ሳያወልቅ ቆመ።

«ምነው ጀማነሽ?»

«ትንሽ ሆዴን ነው። ምሳዎ ተከድኗል፤ ገበያነሽ ታቀርብልዎታለች።»

ሳዲያ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ጋሼ ወልደአረጋይ፣ ሐኪም ቤት ይውሰዷት። ይቺ ሴት ታማለች።»

«ሳዲያ፣ እሷ ትንሽ ካለች ትንሽ ነው። ሚስቴን አውቃታለሁ እኮ። እንዳንቺ አይደለችም።»

«እንደኔ ብትሆንማ እስካሁን ሰምተዋት ነበር!»

«አንቺንማ ማን የማይሰማሽ አለ?» ብሎ ሳቀ። ቢሆንም እንዲያው ለማንኛውም ብሎ በድሉን አስጠራ። በድሉ ድሬሰር ነው፤ መርፌ የሚወጋ፣ ቁስል የሚያጥብ፣ ሰፈሩ በሙሉ ሐኪም እያለ የሚያቆላምጠው ሰውዬ። ነጭ ካፖርቱን ሳያወልቅ መጣና ከአልጋው ራቅ ብሎ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«እንዴት እንዴት ያደርግሻል?»

«ቁርጥ ቁርጥ።»

«ያስጮህሻል?»

እናቴ እንደተሰደበች ሁሉ ቀና አለች። «ደግሞ ምን ያስጮኸኛል!»

«በቃ፣ ነፋስ ነው» አለ በድሉ ወደ አባቴ ዞሮ። «የሆድ ዕቃ ክፉ ሕመም ሰውን ግድግዳ ያስቧጥጣል። ያየሁትን ነው የምነግርህ። ይሄን ኪኒን በውሃ ትዋጥ፣ ነገ ትነሳለች።» ሲወጣ በሩ ላይ ሳዲያን አገኛትና፣ «ይሄኔ አንቺን ቢሆን ለገሃር ባቡሩ ይቆም ነበር» አላት። አባቴ እስኪያስለው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እናቴም ፈገግ ብላ ነበር፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እንቅልፏ የመጣ መስሎኝ ነበር።

ሳዲያ ሁሉም ከሄዱ በኋላ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የእናቴን እግር እያሸች፣ «ለኔ ያድርገው፣ ጀማነሽዬ፣ ለኔ ያድርገው» ስትል አመሸች። ይሄን ልብ በሉልኝ፤ እኔም በልጅ ልቤ ይዤዋለሁ።

አሁን ሰው ተምሯል፣ እንዲህ ያለ ነገር የለም ትሉኝ ይሆናል። ዘንድሮ ዳሌዬን አሞኝ የልጅ ልጄ፣ ልዩ የምትባለው፣ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ቆንጆ፣ ጥፍሯ የተሠራ። ፊቶች የተሳሉበት ካርቶን አወጣችልኝ፤ ከዳር የሚስቅ ፊት፣ ከወዲያ ዳር የሚያለቅስ።

«እማማ፣ ሕመምዎን ከዜሮ እስከ አስር ስንት ይሰጡታል?»

«የማን አስር?»

«ማለቴ… አስር ማለት ከሁሉም የባሰው ሕመም ነው፤ ዜሮ ምንም።»

«ገባኝ እኮ! ለማን የባሰው ነው ያልኩሽ። ለእናቴ ነው ለሳዲያ?»

«ሳዲያ ማናት?» አለች ልጅቷ ልዩን አይታ።

«እማማዬ፣ በቃ አንድ ቁጥር በያት፣ ውጪ ሰው ተሰልፏል፣ ፕሊስ!» አለች ልዩ በጆሮዬ።

ሁለት አልኳት። ሁለት ብላ ኮምፒውተሯ ላይ መታችና የሚቀባ ነገር አዘዘችልኝ። ዳሌዬን አልነካችውም። ያ በድሉም አልነካም። ያ «ያስጮህሻል?» ብሎ ጠየቀ፣ ይቺ «ስንት ነው?» ብላ ጠየቀች፤ ሁለቱም እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው መልስ ጠበቁ። ስንወጣ ደረጃውን መውረድ አቅቶኝ ዘበኛው ነው ደግፎ ያወረደኝ። ሁለት ብዬ!

ወደ እናቴ ልመለስ።

በማግስቱ አባቴ በጠዋት ሥራ ሄደ። «እንዴት አደርሽ?» ሲላት «ተሻለኝ» አለችው፤ እውነቷን ነበር። የውስጥ ነገር ሲፈነዳ ለጥቂት ጊዜ ቀለል ይላል አሉ። እኔ ግን ምን አውቄ፤ ዳነች ብዬ ደስ አለኝና ውሃ አመጣሁላት። ጣሳውን ደረቷ ላይ ይዛ ተኛች፤ አልጠጣችውም። ከንፈሯ አመድ መስሏል። ወንድሜ አጠገቧ ሆኖ ቢያለቅስ እጇን ዘርግታ አላባበለችውም።

ሳዲያ ሳታንኳኳ ገባች። የእናቴን ግንባር ነካችና እጇን መንጭቃ አነሳች።

«አቃጠልሽኝ!»

«አንቺን የማያቃጥልሽ ምን አለ?» አለች እናቴ። ድምፅዋ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር።

«ተነሺ። ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

«ባለቤቴ ሳይመጣ የትም አልሄድም። ደግሞም ተሽሎኛል። ለቁርጠት ሐኪም ቤት ሮጠች ብለው ሊስቁብኝ ነው?»

«ይሳቁብሽ! እኔን ስቀውብኝ ሞትኩ?»

«አንቺ ለምደሽዋል።»

ሳዲያ ወደ በሩ ዞረች። የተቀየመች መሰለኝ። ከዚያ ድንገት ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ እጥፍ አለች።

«ወይኔ ሆዴ! ያ ረቢ! ጀማነሽ፣ ያንቺው ያዘኝ! ሞትኩልሽ!»

«አሁን ደግሞ ምን ሆንሽ?»

«ሐኪም ቤት አድርሺኝ! ባሌ ገበያ ነው፣ ወላሂ ማንም የለኝ። አንቺ ካላደረስሽኝ እዚሁ ወለልሽ ላይ እሞታለሁ!» ብላ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

እናቴ አየቻት። ረጅም ጊዜ አየቻት። ጎረቤት ታሞ የምትተኛ ሴት አይደለችም እናቴ፤ ያንን ሰፈሩም ያውቃል፣ ሳዲያም ታውቃለች። ክንዷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ተነሳች፣ ነጠላዋን ለበሰች። ወንድሜን ለጎረቤት ሰጠች። ሳዲያን አልፋ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ፣ «ሞኝ» አለቻት፣ በቀስታ። እኔ ስድብ መስሎኝ በእናቴ አፈርኩ፤ የታመመ ሰው ይሰደባል? አሁን ሳስበው እናቴ አንዲት ደቂቃ አልተታለለችም። የምትሄድበት ሰበብ ስለሰጠቻት ማመስገኗ ነበር፤ ከዚያ የበለጠ ቃል አልነበራትም።

እኔማ ነገሩ ሁሉ ፍንትው ብሎ ነበር የገባኝ። ሳዲያ «ለኔ ያድርገው» ስትል አምሽታለች፤ እግዜር ሰምቶ አደረገላት። ሕመሙ ከእናቴ ወጥቶ ሳዲያ ሆድ ገብቷል። እናቴ ቆማ ትሄዳለች፣ ሳዲያ ትጮሃለች። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? አልቅሼም ነበር፤ ለሳዲያ።

አስፋልቱ ዳር ጋሪ አገኘን።

«የቷ ናት በሽተኛዋ?» አለ ባለጋሪው።

«እኔ ነኝ!» አለች ሳዲያ።

«መቼም ያስታውቃል» አለና ፈረሱን ነካ አደረገው።

ሳዲያ እናቴ አጠገብ ተቀምጣ ቀኝ እጇን በሁለት እጇ ያዘች። እኔ ፊት ለፊታቸው እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። የዚያን ጊዜ መንገድ መንገድ እንዳይመስላችሁ፤ ክረምት ቆፍሮት የተወው ጉድጓድ ነው። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ሳዲያ «ወይኔ!» ብላ ትጮሃለች። ሜዳ ሲሆን ዝም ትላለች። ድንጋይ ሲነካ ትጮሃለች፣ ድንጋዩ ሲያልፍ ዝም። እናቴ ቀጥ ብላ ወደፊት ታያለች።

«እትዬ፣ ፈረሱን አስበረገጉብኝ እኮ!» አለ ባለጋሪው።

«ጉድጓዱን ሽሽልኛ! ምናለ ብትሸሸው!»

«ሁሉም ጉድጓድ ነው፣ ወዴት ልሽሽ?»

በኡራኤል በኩል ስናልፍ እናቴ አማተበች፤ በግራ እጇ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጉድ አይቼ አላውቅም። ኃጢአት መሆኑን ልነግራት ስል ዓይኗን አየሁና ተውኩት። ቀኝ እጇ ሳዲያ እጅ ውስጥ ነበር፤ ሳዲያ የያዘቻት ይመስለኝ ነበር። የያዘችው እናቴ ነበረች።

የሆስፒታሉ በር ላይ ሰው ግጥም ብሏል። ዘበኛው ዱላውን አግድሞ «ተራችሁን!» ይላል። ሳዲያ ከጋሪው ሳትወርድ ጀመረች። እኔ ሳዲያን ስትጮህ ስሰማ ነው ያደግሁት፤ እንደዚያ ቀን ግን ሰምቼ አላውቅም። የተሰለፈው ሰው ራሱ መንገድ ከፈተ። ሁለት ወንዶች ቃሬዛ ይዘው እየሮጡ መጡና ሳዲያን አፈፍ አድርገው አጋደሟት።

«እሷም ትግባ! እሷን ነው፣ እሷን…»

«እሺ እሺ፣ አይዞሽ፣ አስታማሚ እዚህ ነው የሚቆየው» አለ አንደኛው፣ ጣቶቿን ከእናቴ ጣት አንድ በአንድ እያላቀቀ። «የትም አትሄድብሽም፣ ትጠብቅሻለች።»

ይዘዋት ገቡ። ሕመምተኛዋን ውጪ ትተው የምትጮኸውን ይዘው ገቡ!

እናቴና እኔ የግንቡ ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን።

«እማዬ፣ እትዬ ሳዲያ ትሞታለች?»

«አትሞትም።»

«አንቺ ግን ድነሻል አይደል?»

«አዎ፣ ድኛለሁ። ጠጋ በይኝ።»

ጠጋ አልኳት። ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለችው። እናቴ ማንንም ተደግፋ አይቻት አላውቅም። ራሷ አልከበደኝም፤ ትልቅ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ጀርባዬን አቃናሁ፣ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ እዩኝ እያልኩ አየሁት። ትኩስ ትንፋሿ አንገቴን እያቃጠለኝ፣ ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ። ይሄን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል። በእኔ አይደለም፤ ጥርስ የምትነቅል ልጅ ምን ታውቃለች? በዚያ በር ላይ ከእኔ ሌላ የሚደግፋት አዋቂ ባለመኖሩ ነው።

ውስጥ የሆነውን ሳዲያ ዕድሜዋን ሙሉ ስትተርከው ሰምቻለሁ፤ በተረከችው ቁጥር ትጮህበታለች። አልጋ ላይ አጋደሟት። ሐኪሙ መጣ፤ ወጣት፣ መነጽር ያደረገ፣ ሲጠሩት የዋለ። ሆዷን ቢነካት ጊዜ ሳዲያ ሳቀች። ኩርኮራ አትችልማ! የሽንኩርት ልጣጭ ናት ብያችኋለሁ። እሱ በጫናት ቁጥር እየተንፈራፈረች ትስቃለች።

«ሴትዮ፣ ታመሻል ወይስ ትቀልጃለሽ?»

«እኔን አይደለም! ውጪ ያለችውን!»

«ውጪ ያለችው አስታማሚሽ ናት።»

«እኔ ነኝ አስታማሚዋ!»

ነርሷ ወደ ሐኪሙ ጆሮ ጠጋ ብላ ስለ አእምሮ የሆነ ነገር አለችው። ሳዲያ ያንን ስትሰማ ከአልጋው ዘላ ወረደች፤ የሐኪሙን እጅጌ ጨምድዳ ይዛ ወደ በሩ ጎተተችው።

ከበሩ ሲወጡ አየኋቸው። ጫማ የላትም፣ ሻሿ ወልቆ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ሐኪሙን እንደ በግ ትጎትታለች። እሷም ዳነች አልኩ! ሰው በቃሬዛ ገብቶ ወዲያው እየሮጠ የሚወጣበት ሆስፒታል ነው ብዬ ተደነቅሁ።

ሐኪሙ እናቴ ፊት ቆመ። እናቴ ሰው ሲመጣ ራሷን ከትከሻዬ አንስታ ነጠላዋን አስተካከለች።

«አንቺ፣ ያምሻል?»

«ደህና ነኝ ጌታዬ። ትንሽ ሆዴን ነው።»

ሐኪሙ ወደ ሳዲያ ዞረ፤ ፊቱ ቀልቷል። «ሰማሽ? እዚህ ቤት ሰው ይሞታል። ለጨዋታ ጊዜ የለኝም!» ብሎ እጅጌውን አስለቅቆ ሄደ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሄደ። አንድ፣ ሁለት ደረጃ ወጣ።

ሳዲያ ከኋላው ሮጣ መዳፏን ዘርግታ አፍንጫው ሥር ደቀነችለት። መዳፏ አብጦ ቀልቷል። የጥፍር ጉድጓድ ተሰልፎበታል፤ ከጉድጓዶቹ ደም ወጥቶ እስከ አንጓዋ ወርዶ ደርቋል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

«የሷ ትንሽ ነው!» አለች ሳዲያ። ያን ጊዜ አልጮኸችም። ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር። «ጋሪው በተናጠ ቁጥር ስትጨብጠኝ መጣች። አንቱ ሐኪም፣ አላህ ይይልዎት፣ አፏን አይስሙት። እጅዎን ይስጧት።»

ሐኪሙ መዳፏን አየ። እናቴን አየ። ተመልሶ አጠገባችን ድንጋዩ ላይ ተቀመጠና ግራ እጁን ሰጣት። በቀኝ እጁ በነጠላዋ ሥር ከእምብርቷ ወደ ቀኝ ዝቅ ብሎ ተጫነ፣ ተጫነ፣ ከዚያ ድንገት ለቀቀ።

የእናቴ ፊት አልተለወጠም። «ውይ!» ብሎ የጮኸው ሐኪሙ ነው። እጁን እያራገፈ ብድግ አለና፣ «ቃሬዛ! ቶሎ በሉ!» ብሎ ወደ ውስጥ ተጣራ።

እኔ የገባኝ አሁንም ሌላ ነበር፤ ሕመሙ አሁን ደግሞ ወደ ሐኪሙ ተላለፈ ብዬ አዘንኩለት።

አባቴ ከለገሃር ሮጦ ሲደርስ እናቴ ቀዶ ጥገና ክፍል ነበረች። ሐኪሙ ወጥቶ፣ «ትርፍ አንጀቷ ፈንድቷል። መግሉ ሆዷ ውስጥ ገብቷል። ትላንት ነበር ማምጣት የነበረባችሁ፤ አሁን ትትረፍ አትትረፍ አላውቅም» አለው።

«አልጮኸችማ!» አለ አባቴ።

አልጮኸችማ። አሁን እስቲ ፍረዱኝ! የጮኸችውን «ጉሮሮዋ ነው» ብለው ይስቁባታል። ዝም ያለችውን «አላመማትም» ብለው ይተኛሉ። ታዲያ ሴት ልጅ በምን ድምፅ ትታመምላችሁ? በዘፈን?

እናቴ ሆስፒታል ሰነበተች። ትሞታለች እየተባለ አንዳንድ ቀን ሴቶቹ እኔን ሲያዩ ወሬ ያቋርጡ ነበር። እኔ ሳዲያ ቤት ነበርኩ። የሳዲያ መዳፍ አመርቅዞ በጨርቅ ተጠቀለለ። ጨርቁ ሲቀየርላት እንደልማዷ ትጮሃለች፤ ሴቶቹም እንደልማዳቸው፣ «በጥፍር ጭረት እንዲህ ይኮናል?» ብለው ይስቁባታል። ያ ጩኸት እውነት እንደነበር፣ ለሷ ጥፍሩ ቢላ እንደነበር አሁን አውቃለሁ። ያንን ቢላ ከካዛንቺስ እስከ ሆስፒታሉ በር ይዛ ስትሄድ አንዴ እጇን አልነጠቀችም፤ ብርድ ልብስ እንኳ መጭመቅ የማትችለው ሳዲያ! ስለዚህ ግን ቻይ ያላት አልነበረም።

እናቴ ወደ ቤት የተመለሰች ቀን ጠያቂ ሞላ። ወንዶቹ ወንበር ላይ፣ ሴቶቹ መደብ ላይ፤ በድሉም አለ፣ ጥሩውን ወንበር ይዞ። እናቴ ከስታ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል፤ ትራስ ተደግፋ አጥሚት ትጠጣለች። ሳዲያ በሩ ሥር ዱካ ላይ ተቀምጣለች፣ እጇ እንደታሰረ።

አባቴ ቆሞ ይተርካል። ለገሃር አፉን አሟሽቶ ነው የመጣው።

«ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ! ሐኪሙ ራሱ፣ የተማረው ሰውዬ፣ ውይ እያለ! እሷ ግን አንዲት ቃል፣ አንዲት ቃል ካፏ አልወጣም!»

«አቤት ጀማነሽ!» አሉ ሴቶቹ። «ወንድ እንኳ አይችለው!»

«እኔም መቼም የሷን ቻይነት አይቼ ነው የተሳሳትኩ» አለ በድሉ። «ሌላ ሴት ብትሆን በድምፅዋ አውቀው ነበር።»

«ሳዲያ መቼ ለድምፅ ሰነፈች፤ ጮኸችላት እኮ!» አለ አንዱ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ሳዲያ የታሰረ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው።

እናቴ የአጥሚቱን ኩባያ መሬት አስቀመጠች። ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ አፏን ከፈተች።

ምን ልበላችሁ። ጩኸቱ ከሆዷ ነው የመጣ፣ ከተሰፋው ቦታ። ሳቁን ከሰው አፍ ላይ ቆረጠው። ግቢው ውስጥ ባልዲ ሲወድቅ ሰማሁ፤ ውሾች ጮሁ፤ ወንድሜ አለቀሰ። ትንፋሿ አለቀ ሲባል እንደገና ስባ ቀጠለች። በድሉ «ስፌቱ! ስፌቱ ተተረተረ!» እያለ ተነሳ፤ ወንበሩ ተገለበጠ። አባቴ አልጋው ሥር ተንበረከከ፤ «ጀማነሽ! ጀማነሽ፣ ምንሽን ነው? የቱ ጋ ነው?» ይላል፣ እጁን የት እንደሚያሳርፍ ጠፍቶት። እኔ ሕመሙ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ ብዬ ሳዲያን ዞሬ አየሁ፤ ቀለል ብሏት እንደሆን። ከሰው ሁሉ ያልተነሳችው እሷ ብቻ ነበረች። ዱካዋ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋን እያፈሰሰች ትስቅ ነበር።

እናቴ አፏን ዘጋች። ከንፈሯን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ሰው ሁሉ እንደቆመ ቀረ።

«አሁን ምንም አላመመኝም» አለች ለአባቴ። «ይሄ የዚያን ቀኑ ነው። ይሄን ያህል ነበር ያመመኝ። ለለገሃር ጓደኞችዎ ሲያወሩ ይሄን ይንገሩልኝ።»

አልነገራቸውም። ይኸው እኔ ነገርኩ።